ስለ ስድስቱ ሳጥኖች ለፓርኩ ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ኅዳር 9 ቀን። ታላቅ ወንድሜ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም።

ለተከበሩ የተራራው ደን ፓርክ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ሁለቱ እግሮችዎ እንደምን እንደሰነበቱ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ በዚሁ ፓርክ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩ አናጢ ነኝ። ከፊትዎ ያለውን ጠረጴዛ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል ብለው ሁለት ጊዜ አስጠርተውኝ ሁለት ጊዜም ስላስተካከልኩልዎ ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ክቡርነትዎን ለመክሰስ አይደለም፤ ለማመስገን ነው። በአካል ቀርቤ እንዳላመሰግንዎ ፀሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትለኝ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷን ስለያዘች፣ ምስጋናዬን በጋዜጣና በፓርኩ በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለማውጣት ተገድጃለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ወንድሜ ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን በደኑ ውስጥ ሲመራ ሃያ ስድስት ዓመት የኖረ አስጎብኚ ነው። ሠራተኛው ሁሉ «ጆሮው» ይለዋል። ጭጋግ ደኑን ሲሸፍንና እንግዳው በርቀት መነጽሩ ነጭ ነገር ብቻ ሲያይ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ወዲያና ወዲህ አዘንበል እያደረገ፣ የትኛዋ ወፍ በየትኛው ዛፍ በየትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንዳለች ይናገር ነበር። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ያላየውን አየሁ፣ ያልሰማውን ሰማሁ ብሎ አያውቅም። ዝናብ ሲመታው የዋለ እንግዳ ቢያንስ አንዲት ብርቅ ወፍ አየሁ ብሎ ለመሄድ ሲለምነው እንኳ «ቅጠል ነው ያየኸው» ብሎ ቅስሙን ይሰብረዋል።

በደኑ ውስጥ አስጎብኚዎች «ሙሽሪት» የሚሏት ረጅም ነጭ ጅራት ያላት ወፍ ነበረች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለእንግዳ ማረፊያው ቦታ ሲባል ጎጆዋን የምትሠራበት ትልቅ ዛፍ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ አልታየችም፤ አልተሰማችም። ወንድሜ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈልጎ ሲያጣት፣ በገዛ እጁ ስሟን ከፓርኩ የወፎች ዝርዝር ላይ ሰረዘ። እሷ ስትሰረዝ ፓርኩ ከአንደኛ ደረጃ ወደ ሁለተኛ ወረደ። ዛፉን ያስቆረጠውን ሰው እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም፤ ስሟን የሰረዘውን ግን ከዚያ ወዲህ የተሾመ ኃላፊ ሁሉ እንደ ገዳይዋ ሲያየው ኖሯል። እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ እንጨቱ አመሰግናለሁ።

በገደሉ ጫፍ የሚያልፈው መንገድ መታጠፊያ ላይ ያለው የእንጨት አጥር መበስበሱን፣ በጣት ሲጫኑት እንደ ዳቦ እንደሚፈረፈር፣ በጽሑፍ ያመለከትኩት ሐምሌ ላይ ነበር። ክቡርነትዎም ሳይዘገዩ በነሐሴ እንጨቱን አስመጡልኝ፤ ደረቅ፣ ቀጥ ያለ፣ መላጊያ ሲያርፍበት እጅ የሚያስደስት እንጨት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ በእጅ ጽሑፍዎ «አጥሩ ይቆይ፤ በዚህ እንጨት ስድስት ሳጥን ለወፍ ጎጆ ይሠራ» የሚል ወረቀት ላኩልኝ። ወረቀቱ አሁንም ከእኔ ጋር አለ። ፊርማዎ ያምራል።

ሳጥኖቹን ሠራሁ። ሚስማር አላስነካኋቸውም፤ ማዕዘኖቻቸውን ጥርስ በጥርስ አነካክሼ በሙጫ አሰርኩ፣ ዝናብ እንዳይቋጥሩ ክዳናቸውን አዘነበልኩ። ከፊት በወንፊት የሚሸፈን ሰፊ ቀዳዳ፣ ከኋላ ደግሞ ለሽቦ የሚሆን ጠባብ ቀዳዳ እንዳወጣ ታዘዝኩ። ወፍ በወንፊት ውስጥ አልፋ ቤቷ እንደማትገባ፣ ሽቦም እንደማትዘረጋ ለማወቅ አናጢ መሆን አያስፈልግም። ሽቦውን ሊዘረጋ የመጣውን የድምፅ ቴክኒሻን ጠየቅኩት። «አንተ ምን ቸገረህ፣ ሙዚቃ ልንከፍትላቸው ነዋ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለወንድሜ ግን አልነገርኩትም፤ ቢሰማ ዛፍ ለዛፍ እየወጣ ሳጥኖቹን ያወርዳቸዋል፣ ክቡርነትዎ ደግሞ እሱን ከሥራው ያወርዱታል ብዬ ነው። ስለዚህ በዚህ ሁሉ ምስጋና ውስጥ የእኔ ድርሻ ትንሽ እንዳልሆነ ከወዲሁ ይመዝገብልኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ድምፁ ምርጫ አመሰግናለሁ።

ወንድሜ ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት የሙሽሪትን ዝማሬ በቴፕ ቀድቶ ለጽሕፈት ቤቱ በአደራ አስቀምጦ ነበር። ክቡርነትዎ ይህ አደራ በቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ እንዲጠጣ አልፈቀዱም። ከስድስቱ ሳጥኖች በየሃያ ደቂቃው እንዲሰማ አደረጉ፤ እንግዳው «ሰማናት» ብሎ ደስ ብሎት እንዲሄድ። ለአስጎብኚዎቹ እንዳይነገር ያዘዙትም እርስዎ እንደሆኑ፣ «ካወቁ ፊታቸው ላይ ይነበባል» እንዳሉም ከዘበኞቹ አንዱ ነግሮኛል። ስለ ሰው ፊት ያለዎት ዕውቀት ይደንቃል፤ በራስዎ ፊት ላይ እስካሁን ምንም ነገር ተነቦ አያውቅምና።

ሦስተኛ፤ ስለ መስከረም 27 ቀን አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ትንሽ ረዘም ይላል።

ሳጥኖቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በተከፈቱበት በዚያ ጠዋት ወንድሜ አምስት እንግዶች አስከትሎ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ሙሽሪት ጮኸች። ለአሥራ አንድ ዓመት የሞተች ወፍ ከራሱ በላይ ጮኸች። ጥሩ አስጎብኚ ወፍ ሲሰማ እጁን ያነሣል፣ እንግዶቹን ያቆማል፣ አስቀድሞ ብቻውን ሄዶ ያረጋግጣል፤ ያላረጋገጠውን ለእንግዳ አያሳይም። ይህን ለሌሎቹ ሁሉ ያስተማራቸው እሱ ነው። እጁን አነሣ። እንግዶቹን አቆመ። ብቻውን ሄደ። ድምፁ የሚመጣው ከመንገዱ በላይ፣ በዳገቱ በኩል ካለው ረጅም ዛፍ ነበር። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወፍ የሚፈልግ ሰው መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሣ ወደ ኋላ ይራመዳል፤ ቅጠል ሲከልለው አንድ እርምጃ፣ ቅርንጫፍ ሲከልለው ሌላ እርምጃ። ከበስተኋላው አጥር መኖር ነበረበት። አጥሩ ግን ከፊቱ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይዘምር ነበር።

አሥራ አራት ሜትር ወደቀ።

ከእንግዶቹ አንዱ ጉብኝቱ ይቀጥል እንደሆነ ጠየቀ አሉ። ክቡርነትዎም በሬዲዮ ሌላ አስጎብኚ አስልከው በአርባ ደቂቃ መዘግየት ብቻ እንዲቀጥል አደረጉ። ለእንግዳ እንዲህ የሚጨነቅ ኃላፊ ከየት ይገኛል? ለወንድሜ የተላከው ቃሬዛ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት፤ እሱ ግን የፓርኩ ሠራተኛ እንጂ እንግዳ ስላልሆነ ቅሬታ የለውም።

አራት ዘበኞች በቃሬዛ ተሸክመውት ዳገቱን ሲወጡ ሃያ ደቂቃው ሞላና ሳጥኑ ደግሞ ጮኸ። ወንድሜ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ «ቁሙ! ቁሙ እንጂ! ዝም በሉ፣ እሷ ናት!» አላቸው። ከአራቱ ሁለቱ ሳጥኑን በገዛ እጃቸው የሰቀሉ ናቸው። የተሰበረ ሰው ተሸክመው፣ ዳገት መሐል፣ ቴፑ እስኪያልቅ ጸጥ ብለው ቆሙ። «ሰማችሁ አይደል? ምስክሮቼ ናችሁ» አላቸው። ከመካከላቸው አንዱ ማግስቱን ወርክሾፔ ድረስ መጥቶ የእንጨት ፍቅፋቂው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔም በክቡርነትዎ ስም አጽናናሁት፤ «ኃላፊው እንኳ አላለቀሱም፣ አንተ ማን ነህና» አልኩት።

የክቡርነትዎ ሪፖርት «አስጎብኚው ለራሱ ተገቢውን ጥንቃቄ ባለማድረጉ» ይላል። አንድ ገጽ ናት። ስለ አጥሩ አንድ ቃል የለባትም። በቃላት እንዲህ ቆጣቢ የሆነ ሰው በእንጨትም ቆጣቢ ቢሆን አይገርምም።

አራተኛ፤ ስለ አዲሱ እንጨት አመሰግናለሁ።

ወንድሜ በወደቀ በሦስተኛው ቀን አጥሩን ባስቸኳይ እንድሠራ ታዘዝኩ። ሐምሌ ላይ የለመንኩት ነገር በአንድ ቀን ተሟላልኝ። ልለካ መታጠፊያው ላይ ሜትሬን ዘርግቼ ሳለ ወፏ ጮኸች። ሜትሩን ጥዬ ዳገቱን ወጣሁና ዛፉ ሥር ቆምኩ። አራት ቁጥር ሳጥን ናት፤ ጥርሶቿ ንቅንቅ አላሉም፤ ጥሩ ሥራ ነው። ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ። ከዛፉ ሥር ሆኖ ለሚሰማ ሰው ቴፑ ከዝማሬው በኋላ ጥቂት ይቀጥላል፤ ቴክኒሻኑ ጫፉን መቁረጥ ረስቷል። እዚያ ጫፍ ላይ የአንድ ሰው ሹክሹክታ አለ። «እሷ ናት። እንዳትንቀሳቀሱ» ይላል።

የወንድሜ ድምፅ ነው፤ የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት። ሹክሹክታው መንገዱ ድረስ አይወርድም። ጽሕፈት ቤትዎ ትንሽ ጠንከር ያለ ድምፅ ማጉያ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ፣ ወንድሜ የራሱን ትእዛዝ ሰምቶ ባለበት በቆመ ነበር።

ሳጥኖቹ ከዚያ በኋላ እንደሚነሡ ጠብቄ ነበር። አልተነሡም። «አስጎብኚው የወደቀላት ወፍ» ተብሎ ወሬው ስለተነዛ የእንግዳው ብዛት ጨመረ፤ ክቡርነትዎም ሃያ ደቂቃውን ወደ አሥራ አምስት አወረዱት። መታጠፊያው አሁን አጥር አለው። እንግዶች ተደግፈውት ፎቶ ይነሣሉ።

አምስተኛ፤ ስለ ጉብኝትዎ አመሰግናለሁ።

ወንድሜ አልጋ አጠገብ ስድስት ደቂቃ ነበር የቆዩት፤ ፎቶ አንሺው ለብርሃን ሲል መጋረጃውን የከፈተበትን ጊዜ ጨምሮ። በመስታወት የተከደነ የምስክር ወረቀት ሰጡት። ወንድሜ አንገቱ በማሰሪያ ተይዞ ጣሪያ ብቻ ስለሚያይ፣ ወረቀቱን ከፊቱ በላይ ከፍ አድርገው አሳዩት። ጠርዙ ላይ የታተመችውን ወፍ አይቶ «ይቺ እኮ ሌላ ናት ጌታዬ፤ ጅራቷ አጭር ነው» አለ። እርስዎ ደግሞ «ዞሮ ዞሮ ወፍ ናት» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ትከሻው ይሰማዋል። እሱን እንኳ በትክክል መርጠዋል።

ከሄዱ በኋላ የተባባልነውን ልንገርዎ፤ ይጠቅምዎታል።

«ያችው ራሷ ናት» አለኝ። «ልጇ አይደለችም፣ ዘመዷም አይደለችም። መጨረሻው ላይ ድምጿን ስብር የምታደርጋት ነገር ነበረቻት፤ አለች፣ አልተለወጠችም።»

«ጋሼ፣ ወፍ ይህን ያህል ዓመት ትኖራለች እንዴ?» አልኩት።

«አትኖርም ስል ኖርኩ። ኖረች እኮ! አየህ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ገና በሕይወት ያለችውን ነው የሰረዝኳት።» ሳቀ። ሲስቅ ደረቱን ያመዋል፤ ያም ሆኖ ሳቀ። ባለቤቱ ከበሩ ሥር «ይኸው ነው እንግዲህ፣ አንድ ቀን ስለ እግሩ ጠይቆኝ አያውቅም» አለችኝ።

እኔ የማውቀውን እሷም አታውቅም። ከወደቀ ጀምሮ በየቀኑ አልጋው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ፤ በየቀኑም ሙሽሪትን ሰምቻት እንደሆነ ይጠይቀኛል። «ሰምቻታለሁ» እለዋለሁ። ይህ ከቃሌ ሁሉ የቀረኝ ብቸኛው እውነት ነው።

ስድስተኛና የመጨረሻ፤ ስለ ፎርሙ አመሰግናለሁ።

የፓርኮችን ደረጃ የሚመድበው ኮሚቴ ሰኞ ይመጣል። ሙሽሪት ወደ ዝርዝሩ እንድትመለስ አንድ ምስክር ያስፈልጋል፤ ኮሚቴው ከሌላ ሰው ሁሉ ይልቅ የሚያምነው ደግሞ የሰረዛትን ሰው ነው። ክቡርነትዎ ይህን አሰቡ። ሃያ ስድስት ዓመት ያልዋሸ ሰው ምን ያህል ውድ ዕቃ እንደሆነ ከሁላችንም ቀድመው የተረዱት እርስዎ ነዎት። ለወንድሜም «ስሟ ከተመለሰ ሁለተኛው የእንግዳ ማረፊያ አይሠራም፣ ከላይኛው ደን አንድ ዛፍ አይነካም» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሌላ ነገር አያወራም። እግሩን ቢሰጡትና ደኑን ቢሰጡት የትኛውን እንደሚመርጥ ስለሚያውቁ፣ ሁለቱንም አልሰጡትም።

ፎርሙን በፀሐፊዎ በኩል ለእኔ ላኩልኝ። ወንድም ስለሆንኩ እኔ ባስፈርመው እንደሚሻል፣ በውድቀቱ የተሰባበሩት ጣቶቹ ብዕር ስለማይጨብጡም አሻራው እንደሚበቃ፣ እሱና ባለቤቱ የሚኖሩበት የፓርኩ ቤት ጉዳይ ደግሞ ፎርሙ ከተመለሰ በኋላ «በመልካም ዓይን እንደሚታይ» በቃል ነገረችኝ። ፎርሙ ላይ ሁለት ሳጥኖች አሉ። አንደኛው «ታይቷል»፣ ሁለተኛው «ተሰምቷል» ይላል። እኔ እንዳልደክም ብለው «ታይቷል» በሚለው ውስጥ አስቀድመው ምልክቱን አድርገውልኛል።

እሺ አልኩ። አንባቢም ይወቅ፤ እሺ ብዬ ነው የተቀበልኩት። የወንድሜ ሚስት አልጋ ላይ ከዋለ ሰው ጋር ሜዳ ላይ ስትቀር ታየኝ። ውሸት ምን አላት፣ አንዲት አውራ ጣት ናት አልኩ።

ክቡርነትዎ ወደፊትም በሹመት ላይ ሹመት እንዲደራረብልዎ፣ በተራመዱበት ሁሉ አጥሩ ጠንካራ፣ ወንበሩ ለስላሳ፣ ሪፖርቱ አጭር እንዲሆንልዎ፣ ከልብ የመነጨ ምኞቴን እየገለጽኩ፣ የሰጡኝን እንጨት በታዘዝኩት መሠረት መጠቀሜንና እስከ ዕለተ ሞቴም ይህንኑ የምመሰክር መሆኔን በአክብሮት አረጋግጣለሁ።

ታዛዥዎ፣
የሳጥኖቹ ሠሪ አናጢ

ድኅረ ጽሑፍ፦

ይህ ጋዜጣ የሚወጣው ቅዳሜ ነው። የወንድሜ ሚስት ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር፣ የሐዘን ማስታወቂያ ሳይቀር፣ ጮክ ብላ ታነብለታለች። ስለዚህ ሙሽሪት እንደሌለች፣ እኔም ሣጥኗን እንደሠራሁ፣ ከእኔ አፍ ሳይሆን ከሚስቱ አፍ ይሰማል። ፊት ለፊት መናገር የማይችል ሰው በወረቀት እንደሚያናግር ከጽሕፈት ቤትዎ ተምሬያለሁ፤ ስለ ትምህርቱም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደዚያ ቤት የሚሄድ ሰው ካስፈለገዎ ፎቶ አንሺዎን ይላኩ፤ እኔ አልሄድም።

ፎርሙን የሚጠብቁ ከሆነ ደግሞ ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ጠዋት ወረቀቱንና የማኅተም ቀለሙን ይዤ ሄጄ ነበር። ባለቤቱ ጓዳ ነበረች። የቀኝ አውራ ጣቱን ቀባሁት፤ ወረቀቱን ቁራጭ ሳንቃ ላይ ዘርግቼ ደረቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ጣቱን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ዓይኑ ጣሪያው ላይ እንዳለ፣ «‹ተሰምቷል› የሚለው ላይ ነው አይደል ምልክት ያደረጉት? እኔ እኮ አላየኋትም። አላየኋትም በላቸው፤ በኋላ ለወፏም ጥሩ አይሆንላትም» አለኝ።

ወረቀቱን ከደረቱ ላይ አነሣሁ። አጠፍኩት። ኪሴ ከተትኩትና ተነሣሁ።

«አንተ! የት ነው?» አለኝ። «ኧረ ቀለሙ ይደርቅብኛል!»

ወጣሁ።